ከምስሉ ጎን ምን ቆሟል?

(ደሴ ላይ ለጋዜጠኝነትና ለኪነ ጥበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ምስል ነው። ምስል ስል በጋዜጣ የሚታተመውን ፎቶግራፍ፣ በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን፣ በየአደባባዩ የሚሰቀለውን ማስታወቂያ፣ አሁን ደግሞ ሌት ተቀን በስልካችን ላይ የሚጎርፈውን ሁሉ ነው። ነገሩን በወሎ በኩል የማነሳው ደሴ ስለተገኘሁ ብቻ አይደለም። ምስል መንግሥት ለመጣል ሲያገለግል፣ ምስል የሩቅ አገር ሰውን ሲያስለቅስ፣ ምስል የአንድን ሕዝብ ስም ለትውልድ ሲያጎድፍ በአገራችን ከሁሉ በላይ የታየው በወሎ ነው። ስለዚህ ምስልን ስለማንበብ የሚሰጥ ትምህርት ከየትም በፊት እዚህ መሰጠት ያለበት ይመስለኛል።

የማቀርብላችሁ ሐሳብ አንድ ነው። ምስል ትርጉሙን ለብቻው ይዞ አይመጣም። የሚያገኘው ከጎኑ ከሚቆመው ነው፤ ከሚቀድመውና ከሚከተለው ሌላ ምስል፣ ከሥሩ ከተጻፈው ቃል፣ ከኋላው ከሚሰማው ዜማ፣ ከዚያም ከተመልካቹ ልቦና። ከጎኑ ምን እንደሚቆም የሚወስን ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አለ። ያንን ሰው መፈለግ ልመዱ ለማለት ነው የመጣሁት።

ምልክት ማንበቡን እንኳ ሁላችንም ስናደርገው የኖርነው ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ የሚወጣ ሾፌር አስፋልቱ ላይ የተጣለ ቅጠል ካየ ፍሬን ይይዛል፤ ከኩርባው ወዲያ የተበላሸ መኪና ቆሟል ማለት ነው። በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ያየ መንገደኛ ቤቱ ጠላ ቤት መሆኑን ያውቃል። ሰኞ ባቲ ገበያ የወረደ ሰው ከቆላ የመጣውን አፋርና ከደጋ የወረደውን ገበሬ ለመለየት ስም አይጠይቅም፤ ከአለባበሱ፣ ከጸጉር አያያዙ፣ ወገቡ ላይ ከታጠቀው ጊሌ ያነበዋል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ ምልክቶችን በሦስት ከፍሏቸው ነበር። አንዳንዱ የሚያመለክተውን ነገር ይመስለዋል፤ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ቤተ ጊዮርጊስን እንደሚመስል ማለት ነው። አንዳንዱ የነገሩ ዱካ ነው፤ ጭስ የእሳት፣ ኮቴ ያለፈው ከብት ዱካ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በስምምነት ብቻ የቆመ ነው። ጣሳና ጠላ አይመሳሰሉም፤ ሰው ተስማማበትና ሆነ። ስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሲር አጥብቆ የያዘው ይህን የመጨረሻውን ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ በ1916 እ.ኤ.አ. ከተማሪዎቹ ማስታወሻ ተሰብስቦ በታተመው ትምህርቱ ውስጥ፣ ምልክት ዋጋ የሚኖረው ከሌሎች ምልክቶች ጋር ባለው ልዩነትና ዝምድና እንደሆነ ያስረዳል። የፎቶግራፍ ጉልበትም አደጋውም የሚመጣው ከፐርስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ነው። ፎቶ ነገሩን ይመስላል፤ በዚያ ላይ ብርሃን ራሱ የተወው ዱካ ነው። ስለዚህ እናምነዋለን። ሦስተኛው፣ በስምምነት የሚሠራው ክፍል፣ ውስጡ ተሸሽጎ ሲገባ ግን ልብ አንለውም።

ነጠላን እንመልከት። ጥለቱ የት ላይ እንደዋለ አይታችሁ ብቻ ሴትየዋ ወደ ሠርግ እየሄደች ይሁን ወደ ለቅሶ ትለያላችሁ። ለሐዘን ሲሆን ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይወጣል። ቀደም ሲል አንድ የበዓል ማስታወቂያ አይቼ ነበር። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ፈንዲሻው ተበትኗል፣ ወጣቷ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ነጠላዋ ግን ተዘቅዝቋል። ፎቶ አንሺው ጥለቱ ከፊቷ አጠገብ ቢውል ቀለሙ ይደምቃል ብሎ ያደረገው ይመስለኛል። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ማስታወቂያውን ጥቂት አተኩረው አዩና «ምነው ልጄ፣ ማን ሞቶባት ነው?» አሉ። አብረውን የነበሩት ወጣቶች ምንም አልታያቸውም። ለእነሱ ያማረ ልብስ ነው።

ጃማይካ ተወልዶ እንግሊዝ አገር የሠራው ስቱዋርት ሆል በ1973 እ.ኤ.አ. የጻፈው ስለዚህ ነገር ነበር። መልእክት አዘጋጁ የቋጠረውን ያህል ተመልካቹ አይፈታም። አንዱ እንደተሰጠው ይቀበላል፤ ሌላው ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን በራሱ ኑሮ ይመዝናል፤ ሦስተኛው ጨርሶ ይገለብጠዋል። እኚያ እናት ፖስተሩን የገለበጡት ሆን ብለው አልነበረም፤ የሚያውቁት ፊደል ከአዘጋጁ ፊደል ስለበለጠ ነው። ጋዜጠኛ ሆናችሁ ወደ ገጠር ስትወጡ ይህን አስቡ፤ ካሜራ ፊት የምታቆሟቸው ሰዎች ከእናንተ የበለጠ ምልክት ያነባሉ።

ሥዕልን በሥርዓት ማንበብ የፈለገ ሰው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ግድግዳውን ይይ። በአገራችን የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ የሰማዕታት ገዳይ በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ነው። ሰዓሊው አንድ ቃል ሳይጽፍ ማንን እንደምንቀርብና ከማን እንደምንርቅ ይነግረናል። ይህ ሥርዓት በቴሌቪዥን ዜናም አለ። ባለሥልጣኑ ፊት ለፊት ተቀርጾ ስሙና ማዕረጉ ከሥሩ ይጻፋል። ገበሬው ከሩቅ ይቀረጻል፣ አለዚያም በሰልፍ መሐል ጀርባው ይታያል፤ ቢናገር እንኳ «የአካባቢው ነዋሪ» ተብሎ ይታለፋል። ማንም ተሰብስቦ እንዲህ ይሁን ብሎ የወሰነ አይመስለኝም። ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በጣም ጠንካራው የምልክት ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

በሶቪየት ኅብረት የፊልም መምህር የነበረ ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል ሰው ነበር። ኢቫን ሞዡኺን የተባለውን ተዋናይ ፊት፣ ምንም ስሜት የማይነበብበትን አንድ ምስል፣ ወስዶ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ከተኛች ሕፃን፣ አንድ ጊዜ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ተመልካቾቹ ሰውየው ሲርበው፣ ሲያዝንና ሲመኝ አየነው ብለው ችሎታውን አደነቁ ተብሎ ይነገራል። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። ረሃቡም ሐዘኑም የነበረው በሁለቱ ምስሎች መካከል ነው።

ይህ ዘዴ በአገራችን ከሁሉ በላይ የሠራው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ታውቃላችሁ። የወሎ ገበሬ በዝናብ እጦትና በባለመሬት ጭሰኝነት ተጨንቆ፣ ከብቱን ሸጦ ጨርሶ፣ በ1965 ዓ.ም. ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚያልፈውን መኪና እያስቆመ ለመነ። መንግሥት ነገሩን ሸፋፈነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን ፎቶግራፍ አንስተው ግቢያቸው ውስጥ ቢያሳዩም ነገሩ ከተማሪው አልፎ ብዙ አልተሰማም። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ ቀርጾ የወሰደው ዘገባ በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደርግ ያንን ፊልም አስመጥቶ እንደገና አቀናበረው። በረሃብተኞቹ ምስል መሐል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ኬክ፣ ሥጋ የሚጣልላቸው ውሾች ገቡ። ይህ በዘመን መለወጫ ማታ፣ ሰው በዓሉን አክብሮ በተቀመጠበት ሰዓት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ፣ መስከረም 2፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ቆም ብለን እያንዳንዱን ምስል ለየብቻው እንመርምር። የረሃብተኛው ሕፃን እውነት ነው። ኬኩም እውነት ነው፤ ውሾቹም ሥጋ በልተዋል። አንድም የሐሰት ምስል የለበትም። «ይህ የሞተው ያ ስለበላ ነው» የሚለው ፍርድ ግን ከአንዱም ምስል ውስጥ የለም፤ ያለው መቀሱ ባለፈበት ቦታ ላይ ነው። ፍርዱ ሐሰት ነበር አልልም። ረሃቡ ተደብቋል፤ የደበቀው መንግሥት ሊጠየቅ ይገባው ነበር። ነገር ግን ቅንብሩ የነገሩን ሁሉ ምክንያት በአንድ ሽማግሌ ገበታ ላይ አከማቸው። የመሬት ሥሪቱ፣ እርቦና ሲሶው፣ ሪፖርቱን መሳቢያ ውስጥ የከተተው ሹም፣ እህል እያለ ወደ ተራበው ያላደረሰው ገበያ፣ እነዚህ ሁሉ ካሜራ የማይወዳቸው ነገሮች ናቸው። ከግብዣ ምስል ጎን የሚቆም ጥሩ የጭሰኝነት ምስል የለም። ስለዚህ ጨርሰው ከሥዕሉ ወጡ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ከአዲስ አበባ እምብዛም አያልፍም ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተሠራው ለዋና ከተማዋ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላም መሣሪያው በጥቂት ሰዎች ቤትና በየመዝናኛው ነበር የሚገኘው። የወሎ ገበሬ ፊቱ መንግሥት ሲለውጥ እሱ ራሱን አላየም። ስለ እሱ የተነገረውን አልሰማም፤ «እንዲህስ አይደለም» ወይም «ይህንንም ጨምሩበት» የሚልበት ዕድል አልነበረውም። ማስረጃ ሆኖ ቀረበ እንጂ ምስክር ሆኖ አልተጠራም።

የመስከረም 2 ጠዋት ራሱ ደግሞ ሌላ ምስል ነበረው። ንጉሠ ነገሥቱን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወሰዷቸው በቮልስዋገን ነው። ያችን ትንሽ መኪና ማን መረጣት? በአጋጣሚ እዚያ ተገኝታ ይሆናል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማንም እንደ አጋጣሚ አልተረካትም። ሮልስ ሮይስ በለመዱት ንጉሥ ጎን ስለቆመች፣ የዘመኑን መገልበጥ በአንድ ዕቃ የምትናገር ሆነች። እስከ ዛሬ ታሪኩን የሚያወራ ሰው አዋጁን ቢረሳ ቮልሷን አይረሳም።

አሥር ዓመት አለፈ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር አዲስ አበባ በቀይ ኮከብ፣ በማጭድና በመዶሻ፣ በማርክስ፣ በኤንግልስና በሌኒን ምስል አሸብርቃ ነበር። የሠራተኞች ፓርቲ ተመሠረተ። በዚያው ወር የወሎና የትግራይ ሰው በድጋሚ እየረገፈ ነበር። የምስልን ጉልበት ከማንም አብልጠው የሚያውቁት የደርግ ሰዎች ነበሩ፤ በምስል ነው ንጉሥ ያወረዱት። ስለዚህ ተራው ሲደርሳቸው ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዳያልፍ ከለከሉ። የበዓሉ ቀይ ኮከብ ከኮረም ሕፃን ጎን እንዲቆም አልፈለጉም። መስከረም 1 ቀን 1967 ያሳዩትን ቅንብር ሌላ ሰው በእነሱ ላይ እንዳይሠራው ነበር የፈሩት።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ ታየ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር። አሚን በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰው የጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ እጁን ያጣ፣ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ ያለፈ ሰው ነው። ለዚህ አገር ብዙ ከፍሏል፤ ስሙን በአክብሮት ነው የማነሳው።

የተቀረጸው ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም ነው። ሲጀምር ሜዳው ላይ ጎሕ እየቀደደ ነው። ጉምና ጭስ ተደባልቀዋል። ሰዎች በነጭ ጋቢና በቡልኮ ተጠቅልለው በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ካሜራው በዝግታ ያልፍባቸዋል፤ ከሩቅ ለቅሶ ይሰማል። ዘጋቢው ይህ በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን የነበረውን የመሰለ፣ ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሆነ ረሃብ ነው ይላል።

ያ አንድ ሐረግ ምን እንደሠራ ልብ በሉ። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ማስታወቂያ ምስል በጻፈው ጥናት፣ ምስል ብዙ ትርጉም ይዞ ሲዋልል ከጎኑ የሚጻፈው ቃል ከአንዱ ትርጉም ላይ ያስረዋል ይላል። ነጭ ጋቢ ለእኛ ምንድን ነው? የብርድ ልብስ ነው፤ የደጋ ጠዋት ነው፤ የአባት ትከሻ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ሲጠራበት ግን ጋቢው ለለንደን ተመልካች የነቢያት ዘመን ልብስ ሆነ። ሰዎቹ ከ1977 ዓ.ም. ወጥተው ዘመን ወደሌለበት ዘመን ሄዱ። እዚያ ደግሞ ረሃብ የሰማይ ቁጣ ነው እንጂ የማንም ጥፋት አይደለም። ጦርነቱ፣ የመንገድ መዘጋቱ፣ የመንግሥት የእህል ፖሊሲ በአብዛኛው ከሥዕሉ ውጭ ቀረ። በዘገባው የምንሰማው ድምፅ የዘጋቢውና የአንዲት የውጭ ሐኪም ነው። ሰዎቹ ዓይናቸውን ወደ ካሜራው ይመልሳሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ከዚያ ወዲያ እህል መጣ። ብዙ ነፍስ ተረፈ። ይህን ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም በዚያ እህል የተረፈ ሰው ልጅ ይኖራል። ግን ዋጋም ነበረው። በዚያው ዓመት ኅዳር የብሪታንያና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰብስበው ለእርዳታ ያወጡት ዘፈን፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን እያለ ይጠይቃል። ከኮረም ሩቅ ባልሆነችው በላሊበላ በየዓመቱ ለገና ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ግድግዳው ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ይዘምራሉ። ከተራቡት መካከል ደግሞ ገና በዓሉ ያልሆነ ብዙ ሙስሊም ነበረ። ጠያቂዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ያዩት ምስል ውስጥ ላሊበላ የለም፣ መስጊድም የለም፤ ሜዳና ጉም ነው ያለው። የሌለውን ማየት አልቻሉም። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው ታላቁ ኮንሰርት ያንኑ ምስል ለዓለም ሁሉ ካዳረሰው በኋላ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ውጭ አገር ሄዶ ስሙን ሲናገር መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ሜዳ ሆነ።

አሁን ፊቴን ወደ ራሳችን አዞራለሁ፤ የውጭውን መውቀስ ቀላል ነው።

ሌላም የወሎ ምስል አለ፤ እኛው የሠራነው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ቦታዎች ነው፤ ትዝታም ከወሎ ተለይቶ አይጠራም። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ግን ክሊፖቹን ተመልከቱ። አምባሰል ሲጀምር ካሜራው አረንጓዴ ተዳፋት ላይ ይወርዳል። ሹሩባ የተሠራች ልጅ እንስራ ይዛ ትመጣለች። ዞር ብላ ታያለች፣ ታፍራለች፣ ትሄዳለች። ወንዱ ይዘፍንላታል። እሷ አንድ ቃል አትናገርም። ምን ትሠራለች? ትምህርቷ የት ደረሰ? ያ እንስራ ስንት ሊትር ይይዛል፣ ምንጩስ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ሦስት ሊትር ውሃ እንኳ ይዞ ዳገት የወጣ ሰው እንስራ የቁንጅና ጌጥ እንዳልሆነ ያውቀዋል።

ባርት በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ሲናገር፣ ሰው የሠራውን ነገር ተፈጥሮ አስመስሎ ማቅረብ ነው ይላል። አንድ የፈረንሳይ መጽሔት ሽፋኑ ላይ ወጣት ጥቁር ወታደር ሰላምታ ሲሰጥ አሳይቶ ነበር። ፎቶው እውነት ነው፤ ልጁ ሰላምታ ሰጥቷል። ከፎቶው የሚወጣው ወሬ ግን «ቅኝ ግዛታችን ሁሉም የሚወደው ነው» የሚል ነበር። የእንስራዋ ልጅም እንዲሁ ናት። ቆንጆ ናት፣ እውነት ነው። ከዚያ የሚወጣው ወሬ ግን «ወሎ ማለት ቁንጅና ነው፤ ቁንጅናዋም ዝምታዋ ነው» የሚል ነው። በዚህ ስም የወሎ ሴቶች አዲስ አበባም ዓረብ አገርም ሄደው ምን እንደሚደርስባቸው የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

የረሃቡን ፊልምና የፍቅሩን ክሊፕ ጎን ለጎን አድርጌ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። የተጣሉ ይመስላሉ፤ አንዱ አጥንት፣ አንዱ ልምላሜ። ግን በሁለቱም ውስጥ ያለው የወሎ ሰው ስም የለውም፣ አይናገርም፣ ሥራ የለውም፣ ዓመተ ምሕረትም የለውም። በአንዱ እናዝንለታለን፣ በሌላው እንመኘዋለን። ሲያርስ፣ ሲከራከር፣ ሒሳብ ሲያስብ፣ ልጁን ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብ በሁለቱም አናየውም።

ሦስተኛም አለ፤ ባጭሩ ልለፈው። ቴሌቪዥን ስለ ወሎ መቻቻል ሲዘግብ መስጊዱንና ቤተ ክርስቲያኑን ባንድ ምስል ያስገባል፣ ሼሁና ቄሱ ይተቃቀፋሉ፣ አለቀ። ሐሰት አይደለም፤ ሰነፍ ምስል ነው። የወሎ አብሮ መኖር ያለው በየቤቱ ነው። ሠርግ ሲደገስ ሁለት ቦታ ይታረዳል፣ ሁለት ቦታ ይሠራል፣ የክርስቲያኑ ወጥ ማማሰያ ከእስላሙ ድስት እንዳይገባ የሚጠነቀቁት ራሳቸው ደጋሾቹ ናቸው። ያንን ማማሰያ ለመቅረጽ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ድንኳን ውስጥ መዋል ይጠይቃል። ሁለቱን ጣራ ባንድ ምስል ለማስገባት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ስለ ስልካችሁም ልናገር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰ ጊዜ የሆነውን እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም። በጦርነቱ ዘመን ከሌላ አገርና ከሌላ ዓመት የተወሰደ ፎቶ የእኛ ተብሎ ሲዘዋወር አይተናል። ፎቶው የሆነ ቦታ እውነት ነበር፤ የተለወጠው ከሥሩ የተጻፈው ነው። አብሽሩ፣ መላ አለው። ፎቶውን ወደ ጉግል ምስል ፍለጋ አስገቡትና ከዚያ በፊት የትና መቼ እንደወጣ እዩ። ከዚያም የአገራችሁን ዕውቀት ጨምሩበት። የጦሳን ቅርጽ የሚያውቅ የደሴ ልጅ «ይህ ደሴ ነው» የተባለ ምስል ላይ ሌላ ተራራ ቢያይ ወዲያው ይነቃል። የማሽላው ቁመት ወሩን ይናገራል። የሱቁ ታፔላ የተጻፈበትን ፊደል፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የነጠላውን አጣጣል ተመልከቱ። አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈበረኩት ምስሎች ፊደላችን ላይ ብዙ ጊዜ ይወላገዳሉ፤ ግን በዚህ አትተማመኑ፣ ይሻሻላሉ። ከሁሉ በፊት ምስሉ እጃችሁ ሲገባ ደማችሁ ከፈላ፣ ሳታጋሩ «ይህን ከዚህ ቃል ጎን ያቆመው ማነው?» በሉ።

የመጨረሻው ጉዳዬ ጥያቄ ነው፤ ለእናንተ የማቀርበው።

እኔ ዘንድ ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት የተነሳ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ሁለት ወጣት ሴቶች ናቸው። ከኋላቸው በመጋረጃ ላይ የተሣለ ሐይቅና ዛፍ አለ፤ አንደኛዋ የማይደውል የስልክ እጀታ ጆሮዋ ላይ ይዛለች፤ ሌላዋ የፕላስቲክ አበባ። ሁለቱም ካሜራውን ፊት ለፊት ያዩታል፤ እንዴት መታየት እንደሚፈልጉ ራሳቸው ነው የወሰኑት። ከጀርባው በሰማያዊ ቀለም «ለማይረሳው ፍቅራችን ማስታወሻ ይሁንሽ፤ ደሴ፣ ኅዳር 1966» ይላል። የዲምብልቢ ፊልም እንግሊዝ አገር ከታየ ሁለት ወር አልሞላውም። አውራ ጎዳናው ላይ ሰው እየወደቀ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ሳንቲም አዋጥተው ፎቶ ይነሳሉ። ሁለቱም ወሎ ነው። በየትኛውም ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ግን ይህ ፎቶ ከዚያ ምስል ጎን ቆሞ አላየሁም።

እንዲህ ያለው ፎቶ በየቤታችሁ፣ በየሣጥኑና በየአልበሙ አለ። ፎቶ ቤቶቹ አብዛኞቹ ተዘግተዋል፤ ኔጋቲቩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ክረምት ላይ ወደየቤታችሁ ስትገቡ ከእናቶቻችሁና ከአያቶቻችሁ ጋር አልበሙን ዘርጉ። እያንዳንዱን ፎቶ የፊቱንም የጀርባውንም በስልካችሁ አንሱ። ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተነሳ፣ ልብሱ የማን እንደነበር፣ ለምን እንደተነሱት ጠይቁና ድምፃቸውን ቅረጹ። በረሃቡ ዘመን የት እንደነበሩም ጠይቁ፤ መናገር ካልፈለጉ ተዉአቸው። ፎቶውን ለማሳየት ፈቃድ ስጡን በሉ፤ እምቢ ካሉ ፎቶው የእነሱ ነው። ከዚያ ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን ጽፋችሁ አንድ ላይ አሰባስቡት፤ መምህራኖቻችሁም ማስቀመጫ ቦታ እንዲፈልጉ እኔ ዛሬ እዚሁ እጠይቃቸዋለሁ። የሚያውቁት ሰዎች አርጅተዋል፤ ሥራው በዚህ ክረምት ቢጀመር ጥሩ ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።